አርባ ሁለት ሴንቲሜትር

«ተኝቷል አትበሉት ዝም ብሎ ቢያልፍ፣
ወንዝ ቤቱን አይረሳም…»

ከዚህ ወዲያ ያለው የላትም። ውሃ ለኪዋ እዚህች ጋ ስትደርስ «እምምም» ብላ ዜማውን ብቻ ትጎትተዋለች። ቃሉ እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታው ባዶ ነው፤ ምላስ ግን ዘወትር ወደዚያው ይሄዳል። ዘፈኑ የእናቷ ነው። እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ወንዙ ዳር ተንበርክካ፣ የሰው አንሶላ ድንጋይ ላይ እየደበደበች ትዘፍን ነበር። ልጅቱ አጠገቧ ቁጭ ብላ ከግጥሙ ይልቅ ምቱን ያዘች። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓትና ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ የድልድዩን ሃያ ስድስት ደረጃ በዚያች ጎዶሎ ዜማ ትወርዳለች።

ሥራዋ ወርዶ ማየት ነው። በድልድዩ መካከለኛ ምሰሶ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ የብረት ሰሌዳ አለ፤ ጥቁር ቁጥር ተጽፎበታል፣ በየሁለት ሴንቲሜትሩ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ውሃው የትኛው መስመር ላይ እንደደረሰ ታያለች፣ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ ለመሥሪያ ቤቱ በስልክ ትናገራለች። በቃ።

«ውሃ ለማየት ተቀጥረሽ ነው?» ይሏታል የማያውቋት።

«እናንተም እኮ በየቀኑ ታዩታላችሁ» ትላለች፤ «ያያችሁትን የጠየቃችሁ ግን የለም። ያልጠየቃችሁም ደግ አደረገ።»

ንቀት የሚያምርባት ሴት ናት። አንዳንዱ ሰው ንቀቱ ከባዶ ሆድ ይመጣል፤ የእሷ ግን ብዙ ከማየት የመጣ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በድልድይ ሥር የቆመ ሰው ከተማን የሚያያት ከኋላዋ ነው። የከተማ ኋላ ደግሞ ማንንም አያስከብርም።

ወንዙ የሚነሳው ከከተማው በላይ ካለው ደን ለበስ ኮረብታ ነው። ሁለት ምንጮች፣ አንዷ ከቀይ አፈር፣ አንዷ ከድንጋይ ሥር፣ ዛፉ በማይደርቅበት በዚያ ሙቀት ውስጥ ወጥተው፣ እንደ እህትማማች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወርዳሉ። እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ሆዱ ውስጥ ያለው ጠጠር ይቆጠራል፤ ሙዝ ተካዮቹ ይጠጡታል፣ ወፎች ይታጠቡበታል። ከዚያ ከተማ ይገባል። ከተማ የገባ ደግሞ ማን እንደነበር ይረሳል። ቆዳ ፋብሪካው ያገማዋል፣ ጨርቅ ማቅለሚያው ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ያለብሰዋል፤ ከዚያ በኋላ እኛ የተከበርነው ነዋሪዎች የቀረውን እንጨምርበታለን። ቤቶቻችን በሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የተሠሩት፤ ሳሎን ወደ አስፋልት፣ ሽንት ቤት ወደ ወንዝ። የእናቷ ዘፈን ይህንንም አልዘለለውም፦

«ከላይ ሲወርድ ጠሩት ‹ጌታችን› እያሉ፣
ከታች ሲደርስ ደፉበት እድፋቸውን ሁሉ።»

ከድልድዩ ወደ ታች ወንዙ ድሮ ቀጥ ብሎ አይሄድም ነበር። እንደ ታጠፈ ክንድ ወደ ግራ ዞሮ፣ ሰፊ ሜዳ አቅፎ፣ ቆይቶ ነበር የሚመለሰው። ክርኑ ላይ ውሃው ስለሚረጋ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች ይቆሙበታል፣ ልብስ አጣቢዎች ይሰለፉበታል። ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ አስተዳዳሪ መጣና ጠማማ ነገር አልወድም አለ፤ ከራሱ በቀር ያለውን ጠማማ ሁሉ ሊያቃና ተነሳ። ካርታ አስዘርግቶ፣ ማስመሪያ አስቀምጦ፣ ወንዙን በእርሳስ አቀናው። በቀጣዩ በጋ መሬቱን በዚያው መስመር አስቆፍሮ ውሃውን አሳለፈው፤ ክርኑን በአፈርና በቆሻሻ አስደፈነው። ተጨበጨበለት። ወንዙ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ወንዝ ስብሰባ አይጠራም።

ልብስ አጣቢዋ እናትም የምታጥብበት ድንጋይ ከነቦታው ተቀበረ። እሷ ግን እልኸኛ ነበረችና በዚያው ድንጋይ አናት ላይ፣ በተደፋው አፈር፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። ከሷም ቀጥሎ ሌሎች ሠሩ። ዛሬ ታችኛው ሰፈር የሚባለው ያ ነው። የውሃ ለኪዋ ታናሽ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ በዚያ ቤት ተወለደ፤ አሁንም የፊቱን ክፍል ፀጉር ቤት፣ የጓሮውን መኖሪያ አድርጎ ከሚስቱ ጋር እዚያው አለ። ሚስቱ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ምሰሶው ተሰነጠቀና ልስን የሚያድሱ ሠራተኞች መጡ። ሰሌዳውን ፈቱት፣ ምሰሶውን ለሰኑት፣ ሰሌዳውን መልሰው አሰሩት። የት እንደነበረ ግን ምልክት ያደረገ የለም። መሰርሰሪያ የያዘው ሰውዬ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ መግባት አላሰኘውም መሰል፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆሞ እጁ በተመቸው ቦታ በሳው። በበነጋው ውሃ ለኪዋ ወርዳ አየችና ከት ብላ ሳቀች። ምሰሶው ላይ የጀልባ ዘመን የብረት ቀለበት አለ፤ ውሃው ቀለበቱን ሲነካ ሰሌዳው ሁልጊዜ ሁለት ሜትር ከአሥር ነበር የሚለው። ያን ዕለት ውሃው ቀለበቱን ነክቶ ቆሟል፤ ሰሌዳው አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት ይላል። አርባ ሁለት ሴንቲሜትር ሽቅብ ሰቅለውታል። ሰሌዳው ከፍ ሲል ወንዙ ዝቅ አለ።

ልብሷን ቀይራ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄደች። የክፍል ኃላፊው ያኔ ገና ሹመቱ ያልደረቀ ጎልማሳ ነበር፤ ሰው ሲያናግር እስክሪብቶውን ያያል።

«እርስዎ አንባቢ ነዎት ወይስ አራሚ?» አላት።

«አንባቢ።»

«እንግዲያው ያንብቡ። ሰሌዳው ያለውን ይጻፉ። ሌላ ሐሳብ ካለዎት ማስታወሻ የሚል ዓምድ አለልዎት፤ እዚያ ያስፍሩ።»

አሰፈረች። ዘጠኝ ዓመት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሰሌዳው ያለውን ጻፈች፤ ከጎኑ ማስታወሻ በሚለው ዓምድ «42 ይደመር» አለች። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ክፍል ግን ማስታወሻ የሚባል ዓምድ የለውም። ሰባት ፎቅ ሕንፃ፣ ሦስት ሊፍት፣ አንድ ዓምድ ጎደለው።

እንዲህ ሆኖ ወንዙ በአንድ ሳምንት አርባ ሁለት ሴንቲሜትር ወረደ። ወረቀት ላይ። ለምን ወረደ ያለ የለም፤ ማን አወረደው ተብሎ ግን ስብሰባ ተጠራ፣ ሰባት ሰው እኔ ነኝ አለ። «ወንዛችን አደብ ገዛ» የሚል ፖስተር ታተመ፤ መሀሉ ላይ እንደ ደረጃ ዝቅ የሚል ሰማያዊ መስመር አለበት። ወንዙ አደብ ከገዛማ የጎርፍ መከቻው ምን ያደርጋል ተባለና፣ በታችኛው ሰፈር በኩል የነበረውን የአፈር ክምር ደልድለው የእግር መንገድ አደረጉት። አግዳሚ ወንበርም ተከሉበት፤ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙረው።

እንዲህ ያለውን ሕዝብ ውሃ እያሳሳቀ ቢወስደው ምን ይገርማል።

በዚህ ክረምት ኮረብታው ላይ ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ከተማው ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ሰው ጃንጥላውን ቤቱ ትቶ ወጣ። ውሃ ለኪዋ ግን ፀሐይ አታታልላትም፤ የኮረብታው ዝናብ ድልድዩ ጋ ለመድረስ አንድ ቀን እንደሚፈጅበት ታውቃለች። ጠዋት ሰሌዳው ሁለት ሜትር ሲል አይታ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ቲማቲም። እንቁላሉን ልትልጥ ስትል ከላይ የተነቀለ የሙዝ ግንድ ከነሥሩ እየተንከባለለ መጣና ምሰሶውን ገጨ። ምሳ ዕቃዋን ከደነች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለክፍል ኃላፊው ደወለች።

«ሰሌዳው ስንት ይላል?» አለ።

«ሁለት ሜትር ከሃምሳ ሁለት። አርባ ሁለት ሲደመርበት ሁለት ከዘጠና አራት።»

«ድምር አልጠየቅኩም፣ እናቴ።»

«እርስዎ ባይጠይቁም እሱ ደምሮታል። ሦስት ሜትር ሲሞላ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ይነፋ አይደል የሚለው ደንቡ? ስድስት ሴንቲሜትር ነው የቀረው።»

«አርባ ስምንት ነው የቀረው። እኔ በእርስዎ ማስታወሻ አንድ ሰፈር ሕዝብ ከቤቱ አላስወጣም። ሦስት ሜትር ሲል ይደውሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። እሷም ስልኩን እንደ በሰበሰ ፍሬ አየት አድርጋ ኪሷ ከተተችው፤ ምሳ ዕቃዋን በብብቷ ይዛ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወንድሟ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭቷል፤ ግማሹ ገና አረፋ ነው። ወንበሩ ከአንድ የድሮ መርከብ ፀጉር ቤት የተገዛ፣ እግሩ ብረት፣ ሦስት ሰው የማያነሳው ወንበር ነው። ከመስታወቱ ጎን ያ ፖስተር በአራት ሚስማር ተመትቷል።

«እታለም» አለ ምላጩን ሳያነሳ፤ «ደሞ ልንሰጥም ነው?»

«አንተ ትሰጥማለህ። ልጅህንና ሚስትህን ግን አውጣ። ሽቅብ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ አሁን።»

«አምናም እንዲህ አልሽ። ፍራሽ አሸክመሽ ትምህርት ቤት ግቢ ስታንጋጋን ዋልሽ፤ ውሃው መጣ?»

«ሦስት ሴንቲሜትር ቀርቶት ነው የተመለሰው።»

«በሦስት ሴንቲሜትር ሰው አይሰጥምማ» አለ ባለ አረፋው፣ ከንፈሩን በአንድ ጎን አጣሞ።

«አንተ መጀመሪያ ጢምህን ጨርስ» አለችው። «ግማሽ ሰው ሆነህ ነገር አትግባ።»

ወንድሟ ሳቀ። እሷ ፖስተሩን አየች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል።»

«ሞኙ እኔ ነኝ ወይስ ወረቀቱ?»

«ወረቀቱማ ምን ያርግ፣ የጻፉበትን ነው።»

«ስሚኝ እታለም» አለ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባንቺ ላይ ክፋት የለኝም። ግን እዚህ ሰፈር ስትመጪ ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹የጎርፍ አክስት መጣች› ነው የሚለው። አራስ ሴት በፀሐይ አውጥቼ ሰው መሳቂያ አልሆንም። ሳይረኑ ከጮኸ እኔም እወጣለሁ፣ ሰፈሩም ይወጣል። ካልጮኸ አንድ ሰው አይነቃነቅልሽም፤ አትልፊ።»

ከጓሮው ክፍል የሕፃኑ ድምፅ መጣ፤ ለቅሶ አይደለም፣ አዲስ ሰው ዓለምን ሲሞክራት የሚያሰማው ቂጭቂጭታ ነው። የወንድሟ ሚስት በበሩ ብቅ ብላ «እታለም፣ ቁጭ በያ፣ እህል ቅመሽ» አለቻት።

«ኋላ» አለች። ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር። ከወንበሩ ሥር፣ ድሮ የእናቷ ድንጋይ ባለበት ልክ፣ ሲሚንቶው ጠቁሯል። እርጥበት ነው፤ ከላይ ሳይሆን ከታች የመጣ። በር ላይ ያለውም የጎርፍ ቦይ ወደ ወንዙ መፍሰሱን ትቶ ወደ መንገዱ ይተፋል። ሰዎች ይህንን እየተራመዱ ያልፋሉ፤ ሁሉም ጫማውን ነው የሚያየው።

ወደ ድልድዩ ስትመለስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ሰሌዳው ሁለት ሜትር ከስድሳ።

በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቁጥር ዋሽታ አታውቅም። ታማም፣ አዝናም፣ ባሏን በቀበረች ማግስትም ወርዳ ያየችውን ጽፋለች። በሕይወቷ የምትኮራበት ሌላ ነገር የላትም፤ የሚወርሳት ልጅ የላትም፣ ቤቷ የኪራይ ነው። ያላት ሠላሳ አንድ ዓመት የታመነ መዝገብ ነው። ወንዙን አየችው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ አረፋ የደፈቀ፣ ድምፁን ያጠፋ። ውሃ ሲጮህ አያስፈራም፤ ዝም ሲል ነው።

ደወለች።

«ሰሌዳው ሦስት ሜትር ከሁለት ይላል» አለች።

ያነሳው የክፍል ኃላፊው ነበር። «ሰሌዳው ራሱ?»

«ሰሌዳው።»

«ድምር አይደለም?»

«እኔ አንባቢ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ከዚያ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በዋናው ዓምድ ላይ 3.02 ብላ ጻፈች። ማስታወሻ የሚለውን ባዶ ተወችው። ጽሑፏ ከሌላው ቀን ይልቅ አምሮ ወጣ።

ሳይረኑ ሲጮህ ከተማው መጀመሪያ ቆሞ አዳመጠ፤ ቀጥሎ ተሳደበ፤ ከዚያ ነው የተንቀሳቀሰው። ታችኛው ሰፈር ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሰው የሰውን ልጅ ሊያከብር ይቸግረዋል። አንዱ ቴሌቪዥን አቅፎ አያቱን በስተኋላ አስከትሏል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ጋሪ ተጣልተው መንገድ ዘግተዋል። ባለ ሱቁ በሩን ሦስት ቁልፍ ይቆልፋል፤ ውሃ በቁልፍ የሚመለስ ይመስል። ያ ባለ አረፋው ደግሞ ግማሽ ጢሙን ይዞ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ከሁሉ ቀድሞ ደርሷል።

ውሃው የመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ ገና ሳትጠልቅ። የእግር መንገዱን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ ሁሉንም ቀስ ብሎ አለፋቸው። ማስመሪያ የሠራለትን ቦይ ትቶ፣ ሃምሳ ዓመት እንዳልተለየው ሁሉ፣ ክንዱን አጥፎ ወደ ግራ ዞረ። የቱ ጋ መዞር እንዳለበት ማንም አላሳየውም። በር አላንኳኳም፤ የገባው ቤቱ ነዋ። ጀልባዎች ይቆሙበት በነበረው ቆመ፣ ልብስ ይታጠብበት በነበረው ረጋ፣ ሜዳውን እንደ ድሮው አቀፈው። ጭካኔው እንዳለ ሆኖ፣ እንዴት ያምር ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በየቀኑ በምታነብበት ሰዓት፣ የክፍል ኃላፊው በመኪና ድልድዩ ላይ ደረሰ። ቦት ጫማው አዲስ ነው፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት አልተላጠም። የድልድዩን መደገፊያ ብረት ይዞ ቁልቁል ወደ ሰሌዳው አጎነበሰና ረጅም ጊዜ አየ።

«ሁለት ሜትር ከሰማንያ አራት ነው የሚለው» አለ።

«አዎ።»

«ሦስት አልደረሰም።»

«ሰሌዳው አልደረሰም።»

ከበስተጀርባው ታችኛው ሰፈር በጣሪያው ብቻ ይታያል። አንድ የፕላስቲክ ወንበር በእርጋታ እየዞረ አለፈ። ሰውዬው ግን ዞሮ አላየም። ለእሱ ጎርፉ ገና አልመጣም፤ ሊመጣ አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር ይቀረዋል።

«ስለዚህ እርስዎ የሐሰት ንባብ አስተላልፈዋል» አለ።

«አስተላልፌያለሁ።»

«ይህ ከሥራ እንደሚያሰናብት ያውቃሉ? መዝገቡን ያስረክቡኝ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመደባል። ይህንን በሪፖርቴ እጽፋለሁ።»

መዝገቡን ሰጠችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከብብቷ ሲወጣ ክብደቱ ያን ያህል ነበር ወይ ብላ ተገረመች። ሃያ ስድስቱን ደረጃ ዳግመኛ እንደማትወርድ ያኔ ገባት። እንደከፋት እሱ እንዲያይ ግን አልፈቀደችም።

«ይጻፉ» አለች። «ብቻ ማስታወሻ በሚለው ዓምድ እንዳይጽፉት። እዚያ የሰፈረውን ማንም አያነበውም።»

መሥሪያ ቤቱ በማግስቱ ባወጣው መግለጫ፣ ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ አንድም ነፍስ ሳይጠፋ ሰፈሩን እንዳተረፈ ተናገረ። የክፍል ኃላፊው ምስጋና ተቀበለ። ይህን ለመናቅ እንኳ ጉልበት ያስፈልጋል።

እሷ ግን የጎርፉ ዕለት ምሽት ገና ብርሃን ሳለ ትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሰች። ሰዉ በየዛፉ ሥር ፍራሹን ዘርግቷል። የወንድሟ ሚስት ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ ሕፃኑን አቅፋ ተኝታለች። ወንድሟ ግቢው መሀል ቆሟል፤ አጠገቡ ያ የብረት ወንበር አለ። ከአምስት ሰው ጋር ሽቅብ ተሸክሞት ወጥቷል። መስታወቱንም ይዞ ነበር የወጣው፤ እንዳይሰበር በፖስተሩ ጠቅልሎታል።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ወንበሩን በፎጣ አራገፈ።

«ተቀመጪ፣ ደንበኛ» አለ።

«መዝገቡን ወሰዱብኝ» አለችው።

«ሰማሁ። ሰው ነገረኝ።» ፎጣውን አጠፈ። «ወለሉ ከሥር ሲረጥብ አይቼው ነበር፣ እታለም። ከትናንት ጀምሮ። ውሃ የፈሰሰብኝ ነው ብዬ ጨርቅ ጣልኩበት።»

ስድብ አሰበችለት። ብዙ መጡላት፣ አንዱንም አልተናገረችው። ተቀመጠች። የወንበሩ ቆዳ እግሯን ሲደግፈው ነው ድካሟን የሰማችው። ደረጃው ላይ የምትጎትተውን ዜማ ሳታስበው ጀመረች፤ ወንዝ ቤቱን አይረሳም፣ እምምም።

«ቢያባርሩት በግፍ» አለ ወንድሟ።

ቀና ብላ አየችው።

«ምነው? እማዬ ስታስተኛኝ የምትለኝ እኮ ነው። ወንዝ ቤቱን አይረሳም ቢያባርሩት በግፍ። አታውቂውም እንዴ?»

አታውቀውም። እሷ የሰማችው ወንዝ ዳር ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ እርጥቡ አንሶላ ድንጋዩን ይመታ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጠፋብኝ ያለችው ቃል ጆሮዋ ገብቶ አያውቅም።

«ድምፅህ ግን አያምርም» አለችው።

ከዚያ ምሳ ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተች። ዳቦው ደርቋል፣ ቲማቲሙ ፈርጧል። እንቁላሉን በወንበሩ ብረት ላይ ቀስ አድርጋ ሰበረች፣ ልጣ ግማሹን ለወንድሟ ሰጠች፣ ግማሹን በላች።